ለሬሳ ወሬ አይነገርም

ደብዳቤው ደርሶ ነበር ወይስ አልደረሰም?

ይህች ጥያቄ መልአኩን ከምጽዋ ወደብ ጀምሮ እንደ ተረከዝ እሾህ ይዛው መጥታለች። ጎንደርን ሲያልፍ አብራው አለፈች፤ ደብረ ታቦር አብራው አደረች፤ አሁንም ከንፋስ መውጫ ማዶ ባለው ዳገት፣ በቅሎዋ አንገቷን ደፍታ ስታዘግም፣ እርሷም ከኋላው ተፈናጣ ትወጣለች። ደርሶ ከሆነ አባቱ በሕይወት አሉ። ካልደረሰ ግን... ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ አይሄድለትም፤ እንደ ለገመ በሬ እዚያው ትልሙ ላይ ይተኛበታል።

ወሩ ሰኔ ነው፤ ዘመኑ ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ በዐሥረኛው ዓመት። የጋይንት ደጋ ገና ዝናቡን በቅጡ አልጠገበም። ገበሬው ግን በሬዎቹን ጠምዶ፣ ከማረሻው የሚጣበቀውን ጭቃ በእግሩ ጫፍ እየጠረገ፣ የገብስ ማሳውን ይገለብጣል።

«ጌታው፣» አለው የበቅሎዋ ባለቤት አስማረ፣ ከጎኑ በእግሩ እየተራመደ፣ «ያ ባርኔጣህ ከምን የተሠራ ነው?»

«ከሣር።»

«እንግዲያ ከበሬዎቹ ራቅ በል። አንድ ቀን ራስህን ጭምር ይግጡልሃል።»

መልአኩ ሳቅ አለ። አስማረ ከንፋስ መውጫ ወገዳ፣ ከወገዳ እስቴ አሞሌ ጨው፣ አቡጀዲና በርበሬ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ አፉ እንደ እግሩ አይደክምም። መንገዱን ሙሉ የእንግዳውን ጫማ፣ የእንግዳውን መነጽር፣ የእንግዳውን አማርኛ ሲለክፍ ቆይቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሲሰማ ድንገት ቆመ።

«የአለቃ ወልደ ገብርኤል? የሠዓሊው? አንተ ያ ኢየሩሳሌም የቀረኸው ልጅ ነህ?»

«ነኝ፣ አያ አስማረ።»

«ኧረ በማርያም! ታዲያ ይህን ሁሉ ስቀልድብህ ዝም ትላለህ?» ደርሶ ጉልበቱን ሳመው። «አባትህ የሚሥሉትን አይቻለሁ። ለፋሲካ ስለት ላደርስ ጽድ አምባ ማርያም ወጥቼ ነበር። የቅዱሳኑ ራስ ላይ ያለው ብርሃን! ቢጫ ነው ብልህ አልነገርኩህም፤ አደይ አበባ አጠገቡ ቢበቅል አፍሮ ይደርቃል።»

መልአኩ ወሩን ቆጠረ። ለፋሲካ። የዛሬ ሁለት ወር። አሁንም በቢጫው ነው የሚሥሉት ማለት ነው።

«ጤናቸውስ? ደኅና ናቸው?»

አስማረ የበቅሎዋን ልጓም አስተካከለ፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

«ሥዕል ላይ ያለ ሰው ደኅና ነው አይባል፣ ታሟል አይባል፣» አለ። «አንተ የቤቱ ልጅ አይደለህ? ታውቀው የለ።»

መልአኩ ያውቀው ነበር። ማወቁ ግን በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም። ትዝ ያለው ቢጫው ዱቄት ብቻ ነው።

ከአባቱ ቤት የወጣው የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ኢየሩሳሌም ከሚሳለሙ መነኮሳት ጋር ሄደ፤ ሊመለስ ነበር፣ አልተመለሰም። የፈረንጅ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቋንቋ ተማረ፤ ትምህርቱ እየበዛ በሄደ ቁጥር ጸሎቱ እያጠረ ሄደና አንድ ቀን ጨርሶ ቆመ። የዛሬ ሦስት ዓመት በኢየሩሳሌም ገበያ ሲያልፍ አንድ ዐረብ ቀለም ሻጭ ዘንድ ያን ዱቄት አየ። ዐረቦቹ ዘርኒክ ይሉታል። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ቢጫ ያጡ ሰው ናቸው፤ ከአፈር፣ ከቅጠል፣ ከሥር እየቀቀሉ የሚያወጡት ቢጫ በዓመቱ እንደ አሮጌ ቅቤ ይጠቁራል። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ገዝቶ በሚመለሱ መነኮሳት እጅ ላከላቸው። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለአባቱ የላከው ስጦታ እርሱ ብቻ ነበር።

በኋላ እስክንድርያ ወርዶ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሥራ ያዘ። አንድ ጧት ቀማሚው ከመደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ አውርዶ፣ «ይህን ስትነካ እጅህን ታጠብ፤ አይጥ የምንገድልበት ነው» አለው። መልአኩ ጠርሙሱን አየው። አበባ የመሰለ ቢጫ። ወዲያውም አባቱ ትዝ አሉት፤ ከበሬ ጆሮ ጠጉር የታሰረችውን ብሩሻቸውን ቀለም ሳይነክሩ በፊት፣ ከነከሩም በኋላ፣ ከከንፈራቸው መካከል አስገብተው ጫፏን ሲያሾሉ። በቀን መቶ ጊዜ። ሁለት መቶ ጊዜ። ያን ዕለት ጻፈ። መልስ ጠበቀ። ዓመት ጠብቆ መልስ ሲያጣ ሥራውን ጥሎ ተነሣ።

*

እኅቱ ሐረገ ወይን ከደጅ ስታየው የያዘችው እንስራ ከእጇ ወደቀ። ወደ እርሱ ሮጠች፤ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ወዲያው በነጠላዋ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ዓይኗ እያለቀሰ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳታወጣ አቀፈችው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ እልልታ እዚያ ድረስ ይሰማል።

ከእርሱ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ ምግባቸውን እያደረሰች፣ ቀለማቸውን በድንጋይ እየፈጨች ትኖራለች። እጇን ያዘና ገልብጦ አየው። መዳፏ ላይ ቆዳው ሻክሯል፤ የጣቶቿ መካከል ቆስሏል።

«እታለም፣ ደብዳቤዬ ደርሶ ነበር?»

«ደርሷል እንጂ! አምና ለጥምቀት ማግስት አንድ መነኩሴ አመጡልን። ስሜ ስሜ ልጨርሰው ነበር።»

መልአኩ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ደርሷል። ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል።

«ታዲያ ሲያነቡት ምን አሉ?»

«መቼ አነበቡት?» አለች ሐረገ ወይን፣ ጥያቄው ገርሟት። ከምሰሶው ላይ የአባታቸው ዳዊት በማኅደሩ ተንጠልጥሏል። ከማኅደሩ ጎን እጇን ሰድዳ ደብዳቤውን አወጣች። ቀዩ ሰም እንዳለ ነበር፤ ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም። «አስቀምጬልሃለሁ። አይጥም አልነካው፣ ጭስም አልነካው። ያን ጊዜ እርሳቸው ግድግዳውን ከጀመሩ ዓመት ሊሆናቸው ነበር። ሥዕል ላይ ናቸው እኮ! ሕጉ ጠፋህ እንዴ?»

አልጠፋውም። እንዴት ይጠፋዋል?

ሕጉ የአባቱ አስተማሪ የነበሩት የእስቴው የኔታ ጓዴ ሕግ ነው። «እመቤታችንን ለመሣል የተቀመጠ ሰው ሬሳ ነው፤ ለሬሳ ወሬ አይነገርም» ይሉ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሥዕል ከጀመረ እስኪጨርስ ድረስ የደስታም ሆነ የኀዘን ወሬ አይሰማም። ልጅ ቢወለድለት አይነገረውም፤ ቤቱ ቢቃጠል አይነገረውም። የሰማ እንደሆነ የዓለም ነገር በብሩሹ ወርዶ ከሥዕሉ ፊት ላይ ያርፋል፤ ያ ሥዕል ደግሞ ጸሎት አይቀበልም።

መልአኩ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ እናቱ ላቀች በተስቦ ሞተች። አባቱ በማዶ ደብር ሥዕል ላይ ነበሩ። ዘመድ ተሰብስቦ መክሮ፣ ሬሳዋን አስቀብሮ፣ ልጁን ጠርቶ፣ «እንደ ወትሮው ቆሎህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ፊታቸው አታለቅስም» አለው። ስምንት ቀን ተመላለሰ። ስምንት ቀን ሙሉ፣ «እናትህ ደኅና ናት?» ሳይሉት፣ እርሱም ሳይነግራቸው፣ ቆሎውን ተቀብለው መልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በዘጠነኛው ቀን ሥዕሉ አለቀ፤ ያን ጊዜ ተነገራቸው። መልአኩ ሲያድግ ከዚያ ቤት እንዲወጣ ያደረገው ምንም ሌላ ነገር አልነበረም።

እና ይህ ሁሉ በገላው የተጻፈበት ልጅ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ የሞት ማስጠንቀቂያውን በአባቱ ስም ጻፈ፤ አሸገው፤ ላከው። ለሐረገ ወይን በመነኩሴው አፍ «ዱቄቱን ድፊው» ብሎ ቢልክባት ኖሮ! ለቄሰ ገበዙ ቢጽፍ ኖሮ! የሰባት ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር፣ የገዛ ቤቱን ሕግ ረሳው።

«ምነው ጠቆርክ?» አለች እኅቱ። «ክፉ ወሬ ነው እንዴ የጻፍከው?»

ነገራት። ሐረገ ወይን መጀመሪያ እጆቿን አየች። ቀጥላ ደብዳቤውን አየች። ከዚያ በቀስታ ሄዳ በነበረበት ቦታ፣ ከማኅደሩ ጎን መልሳ ሰካችው፤ ቦታው ከተመለሰ የሆነው ሁሉ የሚቀር ይመስል።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣» አለች። «እኔ ምን ላውቅ?»

*

የጽድ አምባ ማርያም ቄሰ ገበዝ ጸጋዬ ከደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው አገኙት። ሽማግሌ ናቸው፤ በልጅነቱ ጆሮውን ጠምዝዘው ፊደል ያስቆጠሩት እርሳቸው ናቸው። ባርኔጣውን አውልቆ መስቀላቸውን ተሳለመ። የመጣበትን ቆመው አዳመጡት፤ ሲጨርስ መስቀላቸውን ወደ ብብታቸው መለሱ።

«አምስት ቀን ነው የቀረን፣» አሉ። «የሰኔ ማርያም ዕለት ሥዕሏ ትመረቃለች። እስከዚያ ድረስ አንተ አልመጣህም።»

«አባ፣ እየሞቱ ነው!»

«መታመማቸውን እኛም አይተናል። ሰይጣን በሥዕሉ ቀንቶ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ይለቃቸዋል።»

«ሰይጣን አይደለም፤ እኔ ነኝ!»

ቄሰ ገበዙ ደንግጠው አማተቡ። በዚያች ቅጽበት መልአኩ ጫማውን አወለቀና አልፏቸው ገባ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ የጽድ ጣውላና የሙጫ ሽታ አለው። ዓይኑ ሲለምድ ግድግዳው ብቻውን ሲበራ አየ። ከላይ እስከ ታች ቅዱሳን ቆመዋል፤ የሁሉም ራስ በዚያ ቢጫ ተከቧል። መሐል ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። ፊቷ አልቋል፤ ልብሷ አልቋል፤ በራሷ ዙሪያ ያለው ብርሃን ግን ግማሹ ብቻ ነው። መልአኩ እጅግ ያምራል ብሎ አሰበ፤ አሳቡን ራሱ ጠላው።

በተረበረበው እንጨት ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አንድ የደረቁ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጠጉራቸው ተመልጧል። አንገታቸው ጠቁሮ፣ በጠቆረው ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነጥብ ወርዶበታል፤ አቧራ ላይ የወረደ የመጀመሪያ ካፊያ ይመስላል። ብሩሿን ከቀለሙ ቀንድ አወጡ። ወደ ከንፈራቸው ወሰዷት።

«አባዬ!»

ብሩሿ አየር ላይ ቆመች። አለቃ ወልደ ገብርኤል አልዞሩም።

«ድምፅህ ጎርንኗል፣» አሉ። «ማን አስገባህ?»

«ገፍቼ ነው የገባሁት። ያንን ከአፍዎ አያግቡት። የላክሁልዎ ቀለም መርዝ ነው፤ አይጥ የሚገድሉበት ነው። ሳላውቅ ነው የላክሁት። ሳውቅ ጻፍኩልዎ፤ ደብዳቤው ከዳዊትዎ ጎን ተሰቅሏል።» 

ሽማግሌው ብሩሿን ከእንጨቱ ጠርዝ ላይ አስተኟት። ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸውን ሲያይ መልአኩ እንዳያለቅስ ጥርሱን ነከሰ፤ ልክ ያኔ ቆሎ ይዞ እንደቆመ ጊዜ።

«የእናትህን ሞት ያልነገርከኝ ልጅ፣» አሉ፣ «የራሴን ሞት ልትነግረኝ መጣህ?»

«ሕጉ የእርስዎ ነበር!»

«የኔ ነበር።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ና ተቀመጥ። አንገቴ አይመቸኝም።»

ወጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከታች ቄሰ ገበዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ነገሩ ከእጃቸው እንደወጣ ሲገባቸው ዳዊታቸውን ከፍተው ማነብነብ ጀመሩ።

«ያን ጊዜ አውቄ ነበር፣» አሉ አለቃ። «በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል። ቆሎውን ስትሰጠኝ ምራቅህን መዋጥ አቃተህ። ልጅ እንባውን ይደብቃል እንጂ ጉሮሮውን አይደብቅም። አውቄ ዝም አልኩ። ብጠይቅህ ትነግረኛለህ፤ ብትነግረኝ ብሩሹን አስቀምጣለሁ፤ ካስቀመጥኩት የማነሣው አልመሰለኝም። ስድስት ቀን ሙሉ አንተን እያየሁ ዝም አልኩ።»

መልአኩ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀው ነገር መልሱ ሳይፈልገው መጣለት። ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም።

«አባዬ፣ እንሂድ። ወተት ይጠጡ፤ ይተኙ፤ ከእንግዲህ ይህን ነገር ባይነኩት...»

«ይድናሉ በለኛ።»

መድኃኒት ቀማሚው ያስተማረው ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረውም።

«ይህን እጅ እየው፣» አሉ አባቱ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው። መዳፉ እንደ በሬ ሰኮና ደርቋል። «ከፋሲካ ወዲህ ብሩሹን መያዜን የማውቀው በዓይኔ ነው። ሳላየው ይወድቅብኛል። ግማሿ ቀርታለች፤ እኔ አምስት ቀን ብቀመጥ አልጨርሳትም። አንተ ጨርሳት።»

«እኔ? ዐሥራ አራት ዓመት ብሩሽ አልያዝኩም። ከዚያም በላይ...» ቄሰ ገበዙን በዓይኑ ጠቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጸሎት ካቆምኩ ሰባት ዓመቴ ነው። አላምንበትም ይሆናል፣ አባዬ። ማመኔን አላውቀውም።»

«እኔ እምነትህን ጠየቅሁህ? እጅህን ነው የጠየቅሁህ።»

ብሩሿን ያዘ። በውኃ አርጥቦ ጫፏን በጨርቅ ሊያሾል ሞከረ፤ ጠጉሯ ለሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያው መስመር ወፍራም ወጣ፤ ሁለተኛው ተንቀጠቀጠ። አባቱ አጠገቡ ሆነው በጥርሳቸው መካከል ትንፋሽ ይስባሉ፤ «ቀጠን... ቀጠን አድርጋት... ኧረ ይህን ልጅ የፈረንጅ አገር ጡብ ሲያስመርጉት ነው የኖሩ!» ይላሉ። መልአኩ ላቡ ወረደ። አንዴ ብሩሿ ክፉኛ ስትከፈልበት፣ ሳያስበው፣ የልጅነት እጁ ራሱ አውቆ ወደ ከንፈሩ ወሰዳት።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተወርውረው በዚያ በማይሰማው እጃቸው አንጓውን ያዙት።

«አንተ አልነበርክም እንዴ መርዝ ነው ያልከኝ?»

ሁለቱም ተያዩ። አለቃ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሳላቸው ሳቁን እስኪያቋርጠው ድረስ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ አባቱ ሲነኩት ያ የመጀመሪያው ነበር።

*

ለሰኔ ማርያም ሥዕሉ አለቀ። ከግራ በኩል ያለው የብርሃን ጠርዝ እንደ ጸጉር ቀጭን ነው፤ ከቀኝ ያለው ወፍራምና ጠማማ። ከቅዳሴ በኋላ መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ እልል አለ፤ ጠማማነቱን ያየ ሰው አልነበረም፣ ወይም አይቶ ዝም አለ። አለቃ በቃሬዛ ሆነው አዩዋትና፣ «ከዚህ በቃኝ» አሉ። ወደ ቤት ተመለሱ።

ሕጉ ከዚያ በኋላ ወሬ ይፈቅዳል። ጎረቤቱ ተራ እየያዘ ወደ መደባቸው እየቀረበ የሁለት ዓመት ተኩል ወሬ ነገራቸው። ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የማን በሬ ገደል ገባ። ለወለዱት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ፤ ለሞቱት፣ «ነፍስ ይማር» አሉ፤ በዓመት ከመንፈቅ የዘገየ ለቅሶ አለቀሱ። ሲመሽ ሰዉ ሄደ።

«አሁን ደብዳቤዬን አንብብልኝ፣» አሉ።

«አባዬ፣ ያለውን እኮ ያውቁታል።»

«የነገርከኝ አንተ ነህ። ደብዳቤው ግን ገና አልነገረኝም።»

ሐረገ ወይን ከማኅደሩ ጎን አወጣችለት። መልአኩ ማኅተሙን ሰበረ፤ ሰሙ ደርቆ ስለነበር እንደ ቅርፊት ተፈረካከሰ። ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል አነበበ፦

«ይድረስ ለክቡር አባቴ ለአለቃ ወልደ ገብርኤል። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰዎ፣ የላክሁልዎ ቢጫ ቀለም መርዝ ሆኖ ተገኝቷልና ፈጽሞ ከአፍዎ እንዳያገቡት። የቀረው እንደሆነ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት። ለሌላም ሰው እንዳይሰጡ...»

«ቆይ፣» አሉ አለቃ።

ቆመ።

«ለሌላም ሰው እንዳይሰጡ ነው ያልከው?» ከመደቡ ቀና ሊሉ ሞከሩ። «ግማሹን እኮ ለእንየው ሰጥቻለሁ።»

እንየው የየኔታ ጓዴ ተማሪ፣ ከአባቱ ጋር በአንድ ጎጆ ያደገ፣ አንድ ኩራዝ የተካፈለ ሠዓሊ ነው። አሁን በስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ፣ በአንዲት የገጠር ሚካኤል ሥዕል ላይ ነው።

«መቼ ጀመሩ?»

«እኔ ይህን ግድግዳ በጀመርኩበት ሰሞን። ስንለያይ፣ ‹እንዲህ ያለ ቢጫ ልጄ ላከልኝ› ብዬ ኮርቼ ሰጠሁት።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እርሱም እንደ እኔ ነው የሚያሾላት። ከአንድ ሰው ነው የተማርነው።»

መልአኩ ተነሣ። «ነገ ጧት እወርዳለሁ። ሁለት ቀን ነው።»

«ሂድ፣» አሉ አባቱ።

ሐረገ ወይን ግን ከምሰሶው ሥር ሆና ቀና ሳትል ተናገረች። «ስትመለስ ታገኛቸዋለህ?» አለች። «እናታችንን ያለ እርሳቸው ቀበርኩ። እርሳቸውንም ያለ አንተ ልቅበር?»

መልአኩ እንደገና ተቀመጠ። አንዱን ለማትረፍ ሌላውን ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? የተማረበት መጽሐፍ ሁሉ ለዚህች ጥያቄ ገጽ አልነበረውም። ሲነጋ አስማረ ለወገዳ ገበያ እንደሚወርድ ሰማ። ሮጦ ከዳገቱ ላይ ደረሰበት።

ደብዳቤ አልሰጠውም። ቃሉን በአፉ ሦስት ጊዜ አስደገመው። ቢጫው መርዝ ነው፤ ከአፍዎ አያግቡት፤ ወልደ ገብርኤልን እየገደለ ነው።

«ለሚስታቸው ለፈትለወርቅ ልንገራት?» አለ አስማረ።

«ለሚስታቸው አይደለም፤ ሕጉን ታከብራለች። ለቄሶቹም አይደለም። ራሳቸው ፊት ቆመህ ተናገር። አላስገባም ካሉህ ከደጅ ሆነህ ጩኽ።»

«ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንድጮህ? ያበደ ነው ብለው አስረው ጠበል ቢያስገቡኝስ?»

«ጠበል ውስጥም ሆነህ ጩኽ፣ አያ አስማረ።»

አስማረ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የመልአኩን ፊት አየና ዘጋው። በቅሎዋን ነዳ። ሣር ባርኔጣውን ለዝናቡ ብሎ መልአኩ ሰጥቶት ስለነበር፣ ከሩቅ የምትታየው ቢጫ ነገር ባርኔጣዋ ብቻ ነበረች፤ ቁልቁለቱ ላይ እየወረደች፣ እየወረደች ጠፋች።

በሦስተኛው ቀን ክረምቱ ገባ። ወንዙ ከአፍ እስከ አፉ ሞላ። አለቃ ወልደ ገብርኤል ሐምሌ አምስት፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታበት ቀን፣ ወንድ ልጃቸው አንድ እጃቸውን፣ ሴት ልጃቸው ሌላውን እጃቸውን ይዘው ሳለ አረፉ፤ ማን እንደያዛቸው የሚያውቁት በዓይናቸው እያዩ ነበር። ሐረገ ወይን ያን ቀን አፏን በነጠላዋ አልያዘችም። የጮኸችው ሃያ አንድ ዓመት የቆየውን ጭምር ነው።

መልአኩ ቆርቆሮውንና የቀረውን ዱቄት ከመቃብር ራቅ አድርጎ፣ በሁለት ሰው ቁመት ቀበረው። ከዚያ ወዲያ፣ ዋና ለማያውቅ ሰው ወንዙ አይሻገርምና፣ ሥራው ወደ ስማዳ የሚወርደውን መንገድ ማየት ሆነ። አስማረ አልተመለሰም፤ ወንዙ ሞልቶበት ማዶ ቀርቶ ይሆናል። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ዲያቆን በተነፋ አቁማዳ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረና በደጃቸው አለፈ። መልአኩ ልብሱን እስኪጨምቅ እንኳ አላስቻለውም።

«በወገዳ በኩል ነው የመጣኸው? ሚካኤልን የሚሥሉት እንየው እንዴት ናቸው?»

ዲያቆኑ ጥያቄው ነውር እንደሆነበት ሁሉ ወደ መሬት አየ።

«ሥዕል ላይ ያለ ሰው፣» አለ፣ «ደኅና ነው አይባል፣ ታሟል አይባል።»

«ቃል ልኬባቸው ነበር። በአንድ ነጋዴ አፍ። ሣር ባርኔጣ ያደረገ። ደርሷቸዋል?»

ዲያቆኑ አላወቀም። ውኃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ መንገዱን ቀጠለ። መልአኩ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር ብቅ ትል እንደሆነ እያየ። ያን ቀን አልመጣችም። ለላከው ቃል መልስ፣ ወንዙ ከጎደለም በኋላ፣ ከዚያም ወዲያ፣ አልመጣም።